ካናቴራና ጥለት፦ ሁለት ትራፊዎች በአንድ ቦርሳ

ከገበያ የተመለሰ ፌስታል ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቢታይ ቅርጹ ለማንም እንግዳ አይሆንም። ሁለቱ ማንጠልጠያዎች ትከሻ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጎድጓዳ ቅድ አንገት ነው፤ የቀረው ደረትና ሆድ። እጅጌ የሌለው ካናቴራ ማለት ነው። ይህ የዓይን ጨዋታ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ የሚገበያዩ አምራቾች ራሳቸው «የቲሸርት ከረጢት» እያሉ ነው የሚጠሩት። ቅርጹን የነደፈው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ይሠራበት የነበረው ሴሎፕላስት የተባለ ኩባንያ በ1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ካናቴራ የሚለው ቃላችንም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ የሚያመለክተው እጅጌ የሌለውን የውስጥ ልብስ፣ ማለትም ልክ የፌስታሉን ቅርጽ የያዘውን ነው። እንግዲህ ከአሮጌ ቲሸርት የገበያ ቦርሳ የሚሰፋ ሰው አዲስ ነገር ፈለሰፈ ከማለት ይልቅ ቅጂውን ወደ ዋናው መለሰው ማለቱ ይቀርባል።

ሥራው በብዙ አገር የትርፍ ጊዜ ሙያ ሆኗል። የቲሸርቱ እጅጌና አንገት ይቆረጣል፣ ታቹ ይሰፋል፣ ከመሳቢያ ጥግ የተገኘ የጥልፍ ወይም የዳንቴል ቁራጭ ፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ቦርሳ ሆነ ይባላል። ስለዚህ ቦርሳ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ደስ የሚል የእጅ ሥራ» ተብሎ ይታለፋል፣ ወይ ዓለምን ከጥፋት እንደሚያድን ተደርጎ ይወደሳል። አንደኛው ያሳንሰዋል፣ ሌላው ያገንነዋል። እዚህ የሚቀርበው ክርክር ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ቦርሳው ቁም ነገር የሚሆነው ሁለቱ ትራፊዎች በትክክለኛው ቦታ ሲገናኙ ብቻ ነው። ቲሸርት ብቻውን መጥፎ ቦርሳ ነው፤ የጥልፍና የጥለት ቁራጭ ብቻውን ለምንም አይበቃም። አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላበት መንገድ ግን አለ፤ መንገዱም ከማስዋብ ይልቅ የጨርቅ አሠራር ጉዳይ ነው። ማስዋቡ ራሱም ቢሆን፣ ኋላ እንደምናየው፣ ሥራ ፈት አይደለም።

አስቀድሞ አንድ የተለመደ እምነት መፈተሽ አለበት፤ የጨርቅ ቦርሳ ምንጊዜም ከፌስታል ይሻላል የሚለው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ አንድ አዲስ የጥጥ ቦርሳ ለምድር መሞቅ በሚያደርገው አስተዋጽኦ ከአንድ ስስ ፌስታል ላለመብለጥ 131 ጊዜ ማገልገል ይጠበቅበታል። ይህ ፌስታሉ ከገበያ መጥቶ ወዲያው ሲጣል ነው። ፌስታል ሁሉ በኋላ የቆሻሻ መያዣ ይሆናል ተብሎ ሲሰላ ቁጥሩ ወደ 327 ይወጣል። በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ለሚወጣ ሰው 131 ጊዜ ማለት ሁለት ዓመት ተኩል፣ 327 ጊዜ ደግሞ ከስድስት ዓመት በላይ ነው። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ይበልጥ ያስደነግጣል፤ በአየር ንብረት መለኪያ ብቻ ቢሆን 52 ጊዜ ይበቃል ይልና፣ በየትኛውም የጉዳት ዓይነት ከፌስታል ላለመብለጥ ግን 7,100 ጊዜ ያስፈልጋል ይላል። ቁጥሩን እዚያ የሰቀለው በዋናነት የኦዞን ንብርብር መለኪያ ስለሆነ ተቺ አላጣም፤ ትችቱም አግባብ አለው። በተጨማሪም እነዚህ ስሌቶች ቱቦ ደፍኖ ጎርፍ የሚያስነሳውንና ከብት ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚቀረውን ፌስታል አይመዝኑም፤ በእኛ አገር ደግሞ ዋናው ጥፋት እሱ ነው። ያም ሆኖ የቁጥሮቹ አቅጣጫ አይካድም። ጥጥ መሬት፣ ውሃ፣ ማዳበሪያ፣ መፍተያና ማቅለሚያ ይፈልጋል፤ ፌስታል ግን ክብደቱ ጥቂት ግራም ብቻ ነው። በየስብሰባው የሚታደለው፣ የድርጅት ስም የታተመበት አዲስ ነጭ የጥጥ ቦርሳ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ከከረመ ከፌስታል የባሰ ብክነት ነው።

አሮጌው ቲሸርት ከዚህ ስሌት የሚያመልጠው የጥጡ ዕዳ አስቀድሞ የተከፈለለት ስለሆነ ነው። አንድ የጥጥ ቲሸርት ከማሳ ጀምሮ 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚፈጅ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ያ ውሃ የፈሰሰው ሰው እንዲለብሰው ነው፤ ተለብሷልም። ቦርሳው በዚያ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ሜትር ክርና የአንድ ሰዓት ጉልበት ብቻ ነው። ዕዳው የሚመለሰው መቀሱ ገና የሚለበስ ልብስ ላይ ሲያርፍ፣ ይባስ ብሎም ቦርሳ ለመስፋት ተብሎ ቲሸርት ሲገዛ ነው። «ለምን ፋብሪካ ገብቶ እንደገና ክር አይሆንም?» የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፤ ያረጀ ጥጥ ተፈልቅቆ ተመልሶ ሲፈተል ጭረቱ ያጥራል፣ ክሩም ይደክማል። ኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ ለልብስ ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። መቀስ ግን ጨርቁን እንደ ጨርቅነቱ ይተወዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እኛ ዘንድ አሮጌ ልብስ መቼ ተጥሎ ያውቃል?» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። የታላቅ ልብስ ለታናሽ ይወርዳል፣ ታናሹ ሲያድግበት ለገጠር ዘመድ ይላካል፣ ካለቀ በኋላም መወልወያ ወይም የድስት መያዣ ይሆናል። ውራጅ፣ እላቂ፣ እራፊ፣ ቡትቶ እያለ ለልብስ እርጅና ስም ሲያወጣ የኖረ ሕዝብ ስለ ቁጠባ ትምህርት አያሻውም። ይህን የቆየ መሰላል ያናጋው ግን ጽሑፍ የታተመበት ቲሸርት ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ነበር የተሳተፈበት፤ በቅርብ ዓመታት ግን ከ40,000 በላይ ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ የአዲስ አበባን መንገድ ይሞላል፤ በየዓመቱ አዲስ ቲሸርት። በዚያ ላይ የምርጫ ቅስቀሳው፣ የሦስት ቀን ሥልጠናው፣ የቅርንጫፍ ምረቃው፣ የተመራቂዎች ቲሸርት አለ። ከዚያም የሟች ፎቶግራፍ የታተመበት የለቅሶ ቲሸርት። እነዚህ ሁሉ የአንድ ቀን ልብሶች ናቸው። ጨርቃቸው አላረጀም፣ ቀናቸው ነው ያለፈው። ታናሽ ወንድም አይፈልጋቸውም፤ የለቅሶውንማ ወለል ሊወለውልበት የሚደፍር ማን አለ? እንግዲህ ለመቀስ የሚታጩት እነዚህና አንገታቸው የላላ፣ ብብታቸው በላብ ቢጫ የሆነ ቲሸርቶች ናቸው። ደግነቱ ቲሸርት የሚያረጀው ከአንገቱና ከብብቱ ጀምሮ ነው፤ ቦርሳ ሲሆንም ተቆርጠው የሚወጡት እነዚሁ ናቸው። ሆዱ ብዙውን ጊዜ እንደ አዲስ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ ውስጥ እንግባ፤ ቲሸርት ብቻውን መጥፎ ቦርሳ ነው የተባለው እዚህ ይፈታል። ሸማ ድርና ማግ አለው። ድሩ በቁመት ተወጥሮ ማጉ በወርዱ ይመላለሳል፤ ሁለቱ ተጠላልፈው አንዱ ሌላውን ስለሚይዝ ጨርቁ ቢጎተትም ብዙ አይሸሽም። ቲሸርት ግን ድርም ማግም የለውም። ቀጭንና ልስልስ መሆኑ ያሳስታል እንጂ ዝምድናው ከሹራብ ጋር ነው፤ ክሩ ቀለበት እየሠራ፣ ቀለበቱ በቀለበት ውስጥ እያለፈ ረድፍ በረድፍ የተያያዘ። ቀለበት ሲጎትቱት ይረዝማል፣ ሲለቁት በመጠኑ ይመለሳል። ክንዱን ለሚያነሳ፣ ለሚጎነበስ፣ ለሚሮጥ ገላ ይህ በረከት ነው። ለሦስት ኪሎ ሽንኩርት ግን መከራ ነው። ባዶውን ዳሌ ላይ የነበረው ቦርሳ ሲሞላ ወደ ጉልበት ይወርዳል፤ ማንገቻው ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ይቀጥንና ትከሻ ይቆርጣል። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ሰፍቶ፣ አንድ ቀን ተሸክሞ፣ ሁለተኛ የማይመለስበት በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ሹራብነቱ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ጠርዙ ሲቆረጥ እንደ ሸማ ክሩ እየተመዘዘ አይበተንም፣ ወደ ራሱ ይጠቀለላል እንጂ። ስለዚህ የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ መዘምዘም የለም። ሰነፍ ሰፊን የሚያስደስት ጨርቅ ነው።

ሁለተኛው ትራፊ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የሀገር ልብስ ጥለት ነው። ሸማው ሳስቶ ሲቀደድ ወፈር ያለው ጥለት ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይተርፋል፤ ያን ሁሉ ቀለም ጨክኖ የሚጥል የለምና ተቆርጦ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ቀን ለአንድ ነገር ይሆናል ተብሎ። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ዓመታት ያልፋሉ። ከጥለቱ ቀጥሎ ጥልፍ አለ፤ ተጀምሮ ያልተጨረሰ የትራስ ልብስ፣ ግማሹ ወጥ የነካው የጠረጴዛ ልብስ፣ ካረጀ ቀሚስ ደረት ላይ የተቆረጠ መስቀል። ሦስተኛው ዳንቴል ነው፤ በአንድ ወቅት ሬዲዮኑንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ የሶፋውን መደገፊያም ሸፍኖ የነበረው። (ቴሌቪዥን ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል በኢትዮጵያ ዳንቴል ላይ የደረሰው ሥራ አጥነት እስከ ዛሬ አልተጻፈለትም።) የእነዚህ ሁሉ ችግር አንድ ነው፤ ትንሽ ናቸው። አራት ጣት ስፋት ያለው ጥለት ልብስ አይወጣውም፤ የጥልፍ ቁራጭ ዳርና ዳሩ ከተቆረጠ ክሩ መፍታታት ይጀምራል፤ ዳንቴል ደግሞ ቀዳዳው ከክሩ ስለሚበዛ ብቻውን ምንም አይሸከምም።

ሁለቱን ትራፊዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መፍትሔውን ወዲያው ያየዋል። ጥለት ድርና ማግ ያለው፣ ሲጎትቱት የማይሸሽ ረጅም ቁራጭ ነው፤ የቲሸርቱ ማንገቻ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ጥለቱ ማንገቻው ላይ ብቻ ቢሰፋም ይጠቅማል። ዋናው ብልሃት ግን ከቦርሳው ታች ጀምሮ በፊት በኩል ወጥቶ፣ በማንገቻው ላይ አልፎ፣ በጀርባ በኩል እስከ ታች እንዲወርድ ማድረግ ነው። የአህያ ጭነትን ያየ ሰው ይገባዋል፤ ክብደቱን የሚይዘው ጆንያው ሳይሆን መጫኛው ነው። እዚህም ቲሸርቱ ዕቃውን ያቅፋል፣ ክብደቱን ግን ጥለቱ ይሸከማል። ባልሳሳ የጥጥ ጨርቅ ላይ የተሠራ የጥልፍ ቁራጭ ፊቱ ላይ ዙሪያውን ሲሰፋ ደግሞ ቦርሳው ወደ ጎን እንዳይለጠጥ ይይዘዋል። ዳንቴል የሚሆነው ለኪስ ወይም ለአፉ ጌጥ ነው፤ ክብደት የሚያርፍበት ቦታ ካረፈ በሁለት ሳምንት ይቀደዳል። ቲሸርቱም በበኩሉ ብድሩን ይመልሳል። ጠርዙ ስለማይበተን ከእጅጌው የተረፈው ቁራጭ በቀጭኑ ተቆርጦ የጥለቱንና የጥልፉን የሚፈታታ ጫፍ ይከድናል። በቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው፣ በጥቃቅን ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ እየወጉ ካንታ የሚባል ልብስና ምንጣፍ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ድሮ መስፊያ ክሩን ራሱን ከሳሪው ጠርዝ ላይ ይመዙት ነበር። ብቻውን የማይጠቅም የሳሳ ጨርቅ ከሌላ ብጤው ጋር ሲያያዝ ከሁለቱም የጠነከረ ነገር ይወጣል የሚለው ዕውቀት እንግዲህ የቆየ ነው።

አሠራሩ ረጅም አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቲሸርቱ ወፈር ያለ ጥጥና መካከለኛ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፤ በጣም ሰፊው ጆንያ ይሆናል። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል። እጅጌው ሲቆረጥ መቀሱ ከስፌቱ ወደ ውስጥ ይለፍ፤ አንገቱ ደግሞ ጠለቅ ብሎ ይቆረጥ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ማንገቻ ከአራት ጣት ባይጠብ ጥሩ ነው። የትከሻው ስፌት ግን አይነካም፤ በፋብሪካ የተጠናከረ የልብሱ ጠንካራ ቦታ እሱ ነው። ከዚያ ቲሸርቱ ተገልብጦ ታቹ ይሰፋል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ርዝመቱን ሳይነካ ይሰፋዋል። ጨርቁ በክብደት መውረዱ ስለማይቀር ቦርሳው ባዶውን ያጠረ መምሰል አለበት፤ ከአፉ እስከ ታቹ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል፤ የተረፈው ተቆርጦ ለኪስ ይውላል። ስፌቱ ሁለት ጊዜ ይመላለስ። የስፌት መኪናው ዚግዛግ ካለው ዚግዛጉ ይሻላል፤ ቀጥ ያለ ስፌት ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ አብሮት ስለማይለጠጥ ይበጠሳል። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ አሮጌ ሲንጀር ከሆነ ጨርቁን እየሳቡ መስፋት ነው፤ በእጅ የሚሰፋም በየእርምጃው መርፌውን ጥቂት ወደ ኋላ እየመለሰ ቢሄድ ስፌቱ ከመኪና አያንስም። መርፌው ጫፉ ዱልዱም ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ሹሉ መርፌ የሹራቡን ቀለበት ይበጥስና እንደ ሴቶች ስስ ካልሲ መስመር እያወጣ ይተረተራል። ጥለቱ በመጨረሻ በስፒል ተይዞ ይሰፋል፤ በዚህ ጊዜ ቲሸርቱ ከተጎተተ ሲለቁት ይሸበሸባልና ዘና ብሎ ይንጠፍ። መርፌ የማይዝ ሰው ታቹን እንደ ዘርፍ ቆርጦ የፊቱን ከኋላው ጋር ሊቋጥረው ይችላል፤ ለሕፃናት ደስ የሚል ነው፤ ሎሚ ግን በቋጠሮዎቹ መካከል ሾልኮ ይወድቃል።

«ፌስታል እኛ ቤት አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዕቃ አይደለም» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። ፌስታል እንጀራ ይይዛል፣ የቆሻሻ መያዣ ይሆናል፣ በዝናብ ቀን ራስ ላይ ይደረጋል። የጨርቅ ቦርሳ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። ደም የሚያንጠባጥብ ሥጋ በቲሸርት ቦርሳ ይዞ የሚሄድ ሰው አይኖርም፤ መኖርም የለበትም። ስለዚህ ፌስታልን ከቤት ጠራርጎ ያወጣል ብሎ መናገር ውሸት ነው። የሚተካው ከሱቅ እስከ ቤት ያለውን ጉዞ ነው፤ ሽንኩርቱን፣ ድንቹን፣ ዳቦውን፣ የታሸገ ፓስታውን። እርጥቡ ነገር ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ በውስጡ ይቀመጣል፤ አገልግል ይዞ መንገድ የሚሄድ ሰው ያደርገው የነበረውን ነው። ስለ ንጽሕና የሚነሳው ስጋትም ከንቱ አይደለም፤ ሰው ልብሱን በየሳምንቱ እያጠበ ቦርሳውን ዓመቱን ሙሉ ሳያጥብ ይከርማል። መልሱ ግን ጨርቁ ውስጥ ነው፤ ቲሸርት ለመታጠብ የተሠራ ዕቃ ነው። ጥለቱና ጥልፉ ግን ቀለም እንዳይለቁ መጀመሪያ ለብቻቸው በቀዝቃዛ ውሃ ቢፈተኑ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ችግር መርሳት ነው። ቦርሳው ቤት ቀርቶ ባለቤቱ ገበያ ከደረሰ ያ ሁሉ ስሌት ባዶ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ከጥር 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ በሚሸጡ መደብሮች ለእያንዳንዱ ከረጢት አምስት ሳንቲም ታስከፍላለች፤ ሳንቲሟ የተጨመረችው ለማስታወስ እንጂ ለመክበር አይደለም። በአውስትራሊያ በርሌይ ሄድስ በተባለች የባሕር ዳርቻ መንደር በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቡሜራንግ ባግስ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ጎረቤቶች ተሰብስበው ከተረፈ ጨርቅ ቦርሳ ይሰፋሉ፣ ሱቅ በር ላይ ያስቀምጣሉ፣ የረሳ ሰው ተውሶ ይሄድና ሌላ ቀን ይመልሳል። ለእኛ የሚቀርበው ግን ከፌስታሉ ፈልሳፊ የተገኘው ነው። ቱሊን ራሱ ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ይዞ ይዞር እንደነበር፣ ሰው ተጠቅሞ ይጥለዋል ብሎም አስቦ እንደማያውቅ ልጁ ኋላ ተናግሯል። የቲሸርት ቦርሳም ልስልስነቱ እዚህ ላይ ይከፍላል፤ ተጠቅልሎ ጭብጥ ያህል ይሆንና የእጅ ቦርሳ ውስጥ ሳይታወቅ ይገባል። ዘንቢል ይህን አይችልም።

ሰው የሚረሳው ደግሞ ግድ የማይሰጠውን ነው፤ የእጅ ሥራው ትልቁ አገልግሎትም በዚህ በኩል ይመጣል። በአማርኛ እላቂ በእላቂ ላይ የተጣፈበት ልብስ ድሪቶ ይባላል፤ ቃሉ የድህነት ሽታ ስላለበት ዝርክርክ ጽሑፍን እንኳ ለመስደብ እንጠራዋለን። ጽሑፉ የደበዘዘ የሥልጠና ቲሸርት በትከሻው አንጠልጥሎ ገበያ የሚወጣ ሰው ይህችን ቃል ከኋላው የሚሰማት ይመስለዋል። «ይሉኝታ ነው፣ መተው ነው» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ግን ሰው በማያኮራው ዕቃ 131 ጊዜ አይወጣም። ጥለት የዞረበት፣ የእናት ወይም የአክስት ጥልፍ ፊቱ ላይ ያለበት ቦርሳ ግን ሌላ ነው። ይፈለጋል፣ ይጠየቃል፣ ከጠፋ ይታዘንለታል፣ ከተቀደደ ይጠገናል። ጌጥ ቦርሳውን በእጅ ላይ ያቆየዋል፤ ዕድሜውን የሚያረዝመውም ይህ ነው።

ጉዳዩ አሁን ከትርፍ ጊዜ ሥራ ያለፈ ሆኗል። ኢትዮጵያ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ የፕላስቲክ ከረጢቶችን በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ለመገደብ ሞክራ ነበር፤ ፌስታሉ ግን አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ከልክሎ በቅጣት አጠንክሮታል። ፌስታል ሲሄድ ቦታውን ምን ይይዛል የሚለው ላይ የኬንያ ታሪክ ሊነበብ ይገባዋል። ኬንያ በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ፌስታልን ስትከለክል ገበያውን ወዲያው የሞላው ጨርቅ የሚመስል፣ ሳይፈተልና ሳይሸመን በሙቀት የተጣበቀ ቀለም በቀለም ቦርሳ ነበር። ሲዳስሱት ጨርቅ ይመስላል እንጂ ፖሊፕሮፒሊን፣ ማለትም ፕላስቲክ ነው። ጥራቱ ወርዶ ወርዶ ሰው እንደ ፌስታል አንዴ ይዞት ይጥለው ስለጀመረ በ2019 እ.ኤ.አ. እሱም ተከለከለ። ይኸው ቦርሳ በእኛም ሱቆች በየመልኩ ተሰቅሎ ይታያል። ለመለየት የሚፈልግ ጠርዙን ይመልከት፤ ክር የሚመዘዝለት ወይም የሚጠቀለል ከሆነ ጨርቅ ነው፤ እንደ ወረቀት ቀጥ ብሎ የሚቀደድ ከሆነ ፕላስቲክ ነው።

«ታዲያ ለሥራ አጥ ወጣቶች የገቢ ምንጭ አይሆንም?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ ስለማይቀር፣ ተስፋውን መቆጠብ ይሻላል። እያንዳንዱ ቲሸርት በመጠንም በጨርቅም ይለያል፤ ስለዚህ አንድ መጠን ለክቶ መቶ መቁረጥ የለም፤ አንዱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከፈጀ ዋጋው ከሽንኩርቱ ይበልጣል። በቦንዳ የሚመጣ የሰልባጅ ቲሸርት ገዝቶ ቦርሳ መስፋትም ሌላ ሰው የሚለብሰውን ልብስ መቁረጥ ይሆናል። የሰፈር ልብስ ሰፊ ግን ድርሻ አለው። ሱሪ ለማሳጠር የሄደ ሰው ቲሸርቱንና ጥለቱን ይዞ ቢሄድ ልብስ ሰፊው ታቹን በኦቨርሎክ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ጥለቱን ቤት በእጅ መስፋት ይቻላል። አንድ ዓይነት ቲሸርት በብዛት የሚገኝበት ቦታም አለ፤ ሩጫው፣ ትምህርት ቤቱ፣ መሥሪያ ቤቱ። እዚያ ልክ አውጥቶ በብዛት መቁረጥ ይቻላል፤ ሒሳቡም ይለወጣል።

የለቅሶውን ቲሸርት በተመለከተ ብልሃቱ መገልበጥ ነው። ፎቶው ወደ ውስጥ ይሆንና ቦርሳው ከውጭ ጥቁር ወይም ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በውስጡ ማን እንዳለ ባለቤቱ ብቻ ያውቃል። ይህንንም ነውር ነው የሚል ሰው ቢኖር ቲሸርቱ ሻንጣው ውስጥ ይቆይለት፤ ጨርቅ ሁሉ ቦርሳ የመሆን ግዴታ የለበትም። የሌላው መጨረሻ ግን ይታወቃል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ መጀመሪያ የሚሳሳው የቦርሳው ታች ነው፤ ድንቹ የሚያርፍበት። ያኔ ጥለቱ በጥንቃቄ ተተርትሮ ይወጣና ታጥቦ ይተኮሳል፣ ቲሸርቱ ወደ መወልወያነቱ ይወርዳል፤ ጥለቱም በዚያው ዓመት ሩጫ ቲሸርት ላይ ይሰፋል።